ቀን ቢሮ፣ ማታ መድረክ

የባሪ ፊትዝጀራልድ ትልቁ ሥራ ፊልም ላይ የለም። የድሮ ፊልም የሚወድ ሰው ስሙን ሲሰማ ቶሎ ትዝ የሚሉት በ1944 የወጣው «ጎይንግ ማይ ዌይ» ላይ ያሉት ቁጡና ሆደ ቡቡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ወይም በ1952ቱ «ዘ ኳየት ማን» ባርኔጣውን ደፍቶ በጋሪ እየዞረ ጋብቻ የሚያማልደው አጭር ሰውዬ። ሁለቱም የሚወደዱ ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ይህ ሰው ሆሊውድ ሲገባ ዕድሜው 50 ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከዚያ በፊት የነበረውን ረጅም ዘመን ያሳለፈው ደብሊን ውስጥ፣ ከ600 ሰው በታች በሚይዝ ቴአትር ቤት፣ ቀን ቀን የመንግሥት ጸሐፊ፣ ማታ ማታ ተዋናይ ሆኖ ነው። የአገሩ ሰው ታላቅ ተዋናይ ብሎ የመሰከረለትም በዚያ ዘመን፣ ገና ካሜራ ፊት ሳይቆም ነበር። እንዲህ ያለ ተዋናይ ከምን ይሠራል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ዊሊያም ጆሴፍ ሺልድስ ነው። የተወለደው መጋቢት 10 ቀን 1888 ደብሊን ውስጥ ነው። አባቱ አዶልፈስ ሺልድስ በከተማው የሠራተኞች ንቅናቄ ውስጥ የታወቁ ሶሻሊስት ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ ጀርመናዊት። ሕዝቡ በብዛት ካቶሊክ በሆነበት ከተማ ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነበር። ከእሱ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1896 የተወለደው ወንድሙ አርተርም ተዋናይ ሆኗል። የሁለቱ ሕይወት እስከ መጨረሻው ስለተሳሰረ ስለ አንዱ ሲወራ ሌላው መነሣቱ አይቀርም። ታናሹ ረጅምና ቀጭን፣ ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ነበር፤ ታላቁ አጭር፣ ዓይን አፋር፣ ብዙ ሰው ባለበት የሚጨነቅ።

ዓይን አፋሩ ዊሊያም በ1911 የመንግሥት ሥራ ያዘ። አየርላንድ ያኔ በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር ናት፤ ሥራ ለሌላቸው ሰዎች የሚከፈለው መድን ገና መቋቋሙ ነበርና እሱም በዚያ ክፍል ጸሐፊ ሆኖ ተመደበ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጥ፣ ጡረታውም የተረጋገጠ ነው። ከዚህ ሥራ የወጣው በ1929፣ የ41 ዓመት ሰው ሆኖ ነው። እነዚህን ዓመታት ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። እኔ ግን የዚህ ሰው ትምህርት ቤት እዚያ ይመስለኛል። ሥራ አጥቶ፣ ወይም ሥራ ጠልቶ፣ ሳንቲም ለመቀበል የሚሰለፈውን የደብሊን ሰው አነጋገርና አቋቋም፣ የሰበብ አደራደሩንም ጭምር ለማጥናት ከዚያ የመዝገብ ጠረጴዛ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ማታ የሚሄድበት ቤት አቢ ቴአትር ይባላል። ገጣሚው ዊሊያም በትለር ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ፣ አኒ ሆርኒማን የተባሉ እንግሊዛዊት በሰጡት ገንዘብ፣ በታኅሣሥ 1904 የከፈቱት ነው። ዓላማቸው ከለንደን በሚመጡ ቡድኖች ተይዞ በኖረው የደብሊን መድረክ ላይ የአየርላንድ ሰው የራሱን ሕይወት በራሱ አንደበት እንዲያይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ተዋንያን ያሠለጠኑት ፍራንክና ዊሊያም ፌይ የሚባሉ ወንድማማቾች ራሳቸው የቀን ሥራ ነበራቸው፤ አንዱ ጸሐፊ፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ስለዚህ በአቢ ቤት ከቢሮ ወጥቶ መድረክ ላይ መውጣት እንግዳ ነገር አልነበረም።

የፌይ ወንድማማቾች ለቤቱ ጥለውለት የሄዱት አንድ ሕግ አለ፤ ተናጋሪው ሲናገር ሌላው አይንቀሳቀስ። በጊዜው የለንደን ተዋናይ ዓይን ለመሳብ ከዳር እስከ ዳር ይመላለስ፣ እጁንም ያወናጭፍ ነበር። አቢ ግን ጆሮን አስቀደመ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማ፤ የቀረው ሰው ዝም ብሎ ያዳምጥ። ይህ ሕግ ተዋናዩን እርቃኑን ያስቀረዋል። እግርና እጅ ከተከለከለ የሚቀረው ፊትና ትንፋሽ ነው። የፊትዝጀራልድን ፊልሞች ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌላው እየተናገረ እሱ ከንፈሩን ገፋ ያደርጋል፣ ዓይኑን በግማሽ ይከድናል፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ሐሳቡ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ብዙዎች ይህን የካሜራ ጥበብ ይሉታል፤ የመጣው ግን ከአቢ ነው።

ወደ አቢ የገባው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ታናሽ ወንድሙን ተከትሎ ነው። መጀመሪያ ከአጀብ ጋር ወጥቶ የሚገባ ነበር። ጥቂት ቃላት ብቻ ባሉት በመጀመሪያው ሚናው ከመደንገጡ የተነሣ የቃላቱን ፊደል አቀያይሮ ተናገረና ቤቱ በሣቅ ተናጋ ይባላል። የቢሮ አለቆቹ ሠራተኛቸው ማታ ሌላ ሥራ እንዳለው እንዳያውቁ ደግሞ ስሙን ለወጠ። ባሪ ፊትዝጀራልድ የሚለው ስም የተገኘው እንዲህ ነው። ለዚያ ዓይን አፋር ሰው ይህ ስም ከአለቃ መደበቂያ ብቻ የነበረ አይመስለኝም። በራሱ ስም ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀው ሰው በሌላ ስም ሲጠራ ነጻ ሆኖ ነበር።

በዚያው ጊዜ አርተር በሌላ መንገድ ሄደ። በ1916 የፋሲካ ሰኞ አቢ ትርኢት ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ሳለ ከተማው ውስጥ በብሪታኒያ ላይ ዐመፅ ተነሣ። አርተር ቴአትር ቤቱ ውስጥ ደብቆት የነበረውን ጠመንጃ አንሥቶ ዐማፅያኑን ተቀላቀለ። ሾን ኮኖሊ የተባለው የአቢ ተዋናይ በዚያው ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ተመትቶ ሞተ። አርተር ተማርኮ ዌልስ ውስጥ በፍሮንጎክ የእስረኞች ካምፕ ታሰረ፤ ሲፈታም ወደ መድረኩ ተመለሰ። ታላቁ ወንድም በዚህ ሁሉ መካከል የብሪታኒያ መንግሥት ጸሐፊ ሆኖ መዝገቡን ይሞላ ነበር።

በ1923 አቢ ደጃፍ ላይ ሾን ኦኬሲ ደረሰ። በ1880 የተወለደ፣ በደብሊን የድሆች ሰፈር የኖረ፣ በቀን ሥራ ያደገ፣ ዓይኑ የታመመ ሰው ነው። ጽሑፎቹ ደጋግመው ሲመለሱበት ቆይተው በመጨረሻ አንዱ ተውኔቱ ታየለት። ከዚያ ቀጥሎ የጻፈው «ጁኖ ኤንድ ዘ ፔይኮክ» መጋቢት 3 ቀን 1924 ተከፈተ። ካፒቴን ቦይልን ፊትዝጀራልድ፣ ሚስቱን ጁኖን ሳራ ኦልጉድ፣ የመጠጥ ጓደኛውን ጆክሰርን ኤፍ ጄ ማኮርሚክ፣ ልጁን ጆኒን ደግሞ አርተር ሺልድስ ተጫወቱት። ኦኬሲ የሚጽፈው እነዚህን ሰዎች መድረክ ላይ እያየ ነው። ድምፃቸውን ያውቃል፤ እነሱም ለዓመታት አብረው ስለኖሩ ማን መቼ እንደሚተነፍስ ያውቃሉ።

ቦይል ማን ነው? በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1922፣ በጠባብ የኪራይ ቤት የሚኖር ጉረኛ። አንድ ጊዜ የድንጋይ ከሰል በጫነች ጀልባ ሄዷል፤ ይኸው ውቅያኖስ ያቋረጠ ካፒቴን ሆኖ ቀርቷል። ሥራ ተገኘልህ ሲሉት እግሩን ያመዋል። ሚስቱ ሠርታ ታበላዋለች፤ እሱ እንደ ጣዎስ (ፒኮክ) ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ውርስ ደረሰህ ተብሎ በዱቤ አዳዲስ የቤት ዕቃ ያስገባል፤ ውርሱ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ልጁ ሜሪ አርግዛ ትከዳለች። የትግል ጓዱን አሳልፎ የሰጠውን ጆኒን ጓዶቹ ወስደው ይገድሉታል። አበዳሪዎች ዕቃውን እየተሸከሙ ይወጣሉ። ጁኖ ሴት ልጇን ይዛ ቤቱን ለቃ ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው የፊትዝጀራልድ ታላቅ ጊዜ የሚመጣው። ባዶ ክፍል ውስጥ ቦይልና ጆክሰር ሰክረው፣ እየተደናበሩ ይገባሉ። ልጁ መሞቱን አላወቀም፤ ሚስቱ እንደሄደችም አላወቀም። የቀረችውን ሳንቲም ወለሉ ላይ ይጥላታል፤ ስለ አገሩና ስለ ዓለሙ መበላሸት ይለፈልፋል፤ ጆክሰር ተዘርግቷል። ተመልካቹ ከመጋረጃው መከፈት ጀምሮ በዚህ ሰው ሲሥቅ ቆይቷል። አሁንም ንግግሩ ያሥቃል፤ ሣቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ተዋናዩ እዚህ ጋ ትንሽ አሳዝናለሁ ብሎ ድምፁን ቢያለሳልስ ሁሉም ይበላሻል። ቦይል አያዝንም፤ የሚያሳዝነውም ስለማያዝን ነው። ፊትዝጀራልድ ቀልዱን እስከ መጨረሻው ቃል ሳይለቅ በመያዙ ነበር የደብሊን ተመልካች ያንን ምሽት ለዓመታት ያወራው።

በየካቲት 1926 የተከፈተው የኦኬሲ «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» ደግሞ የ1916ቱን ዐመፅ ከድሆች መስኮት ያየ ተውኔት ነው። የዐማፅያኑ ባንዲራ ዝሙት አዳሪ ባለችበት መጠጥ ቤት ሲገባ ያዩ የሟቾች ቤተሰቦችና የነጻነት ደጋፊዎች ተቆጡ። በአራተኛው ምሽት አዳራሹ ታወከ፤ ሰዎች መድረክ ላይ ወጡ። ፍሉተር ጉድ የሚባለውን ጠጪ አናጢ የሚጫወተው ፊትዝጀራልድ ከወጡት አንዱን በቡጢ መትቶ ወደ ወንበሮቹ መለሰው። ዬትስ መድረክ ላይ ቆመው ሕዝቡን ገሠጹ። ሰው ፊት መናገር የሚፈራው ጸሐፊ ያን ማታ ፍሉተርን ለብሶ ነበርና አልፈራም። የተቃዋሚዎቹን ሕመም ግን ማቃለል አይገባም። በዚያ አዳራሽ ከአሥር ዓመት በፊት ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን የቀበሩ ሴቶች ነበሩ።

በ1928 አቢ የኦኬሲን «ዘ ሲልቨር ታሲ» አልቀበልም ሲል ጸሐፊው ተቀይሞ ተለየ። ተውኔቱ በጥቅምት 1929 ለንደን ላይ ሲወጣ ፊትዝጀራልድ ሚና ተሰጠውና ያኔ ነው የቢሮ ሥራውን የለቀቀው። ከ18 ዓመት ደመወዝተኛነት በኋላ በአንድ ተውኔት ላይ ተማምኖ አገር መልቀቅ ለማንም ቢሆን ከባድ ውሳኔ ነው፤ ለእንደሱ ያለ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ የበለጠ ይከብድ ነበር።

በዓመቱ አልፍሬድ ሂችኮክ «ጁኖ ኤንድ ዘ ፔይኮክ»ን ፊልም አደረገው። ሳራ ኦልጉድ ጁኖን እንደያዘች ገባች። ቦይልን ግን የተጫወተው ኤድዋርድ ቻፕማን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ፊትዝጀራልድ መክፈቻው ላይ አደባባይ ቆሞ የሚናገር ሰው ሆኖ ጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላል። የደብሊን ሰው ያደነቀው ቦይል በካሜራ ሳይያዝ የቀረው በዚህ ነው። ያንን ፊልም ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሰውየው እዚያው ፊልም ውስጥ አለ፤ ሚናው ግን የሌላ ሰው ነው።

ወደ አሜሪካ የወሰደው ጆን ፎርድ ነው። ከአየርላንድ ስደተኞች የተወለደው ይህ ዳይሬክተር በ1936 «ዘ ፕላው»ን ሲያነሣ የአቢን ተዋንያን አስመጣ። ፊትዝጀራልድ ፍሉተርን ዳግም ያዘ። አርተር ደግሞ የዐመፁን መሪ ፓትሪክ ፒርስን ሆኖ ተጫወተ፤ ከ20 ዓመት በፊት በእውን የታገለበትን ዐመፅ አሁን በስቱዲዮ ውስጥ። ማኮርሚክ ሥራው ሲያልቅ ወደ ደብሊን ተመለሰና እስከ ዕለተ ሞቱ የአቢ ሰው ሆኖ ኖረ። ፊትዝጀራልድ ቀረ።

በቀጣዮቹ ዓመታት የሰጡት በአብዛኛው ትንንሽ ሚና ነው። በ1938ቱ «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ» ነብር አይቶ የሚደነግጥ ሰካራም አትክልተኛ፣ በ1940ው «ዘ ሎንግ ቮያጅ ሆም» የመርከብ አስተናጋጅ። መድረኩን ግን አልተወም። በ1940 ኒው ዮርክ ላይ ከሳራ ኦልጉድ ጋር ቦይልን በድጋሚ ተጫወተ፤ ጆክሰርን የያዘው አርተር ነበር።

«ጎይንግ ማይ ዌይ» የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፕሮቴስታንቱ ተዋናይ የካቶሊክ ቄስ ሆነ። አባ ፊትዝጊበን ዕዳ የተጫናት ደብር አለቃ ናቸው፤ በቢንግ ክሮዝቢ የተወከለው ወጣት ቄስ እሳቸውን ሊተካ ተልኮ መጥቷል። በአንድ ትዕይንት ሽማግሌው ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ የደበቁትን ጠርሙስ አውጥተው ከወጣቱ ጋር ይቀማምሳሉ፤ ስለ እናታቸው ያወራሉ። 55 ዓመት የሆነው ተዋናይ ሽማግሌ ለመምሰል ወገቡን ሲያጎብጥ ወይም ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ አታዩም። ጠርሙሱን የሚያወጣው በተደበቀ ልጅ ጥንቃቄ ነው፤ ሽምግልናው የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሐሳቡ አየርላንድ ደርሶ ሲመለስ ነው። መጨረሻ ላይ ለአሥርት ዓመታት ያላዩአቸው እናታቸው በዘማሪዎች መካከል ብቅ ሲሉ ሽማግሌው ቄስ አንድም ቃል አይናገሩም። አቢ ያስተማረው ዝምታ ነው።

የኦስካር ታሪክ ልዩ ገጽ የተጻፈው በዚህ ሚና ነው። በጊዜው መራጮች አንድን ተዋናይ በፈለጉት ዘርፍ መጠቆም ይችሉ ነበር። ግማሹ መሪ ተዋናይ ነው፣ ግማሹ ደጋፊ ነው ብሎ ጠቆመውና ፊትዝጀራልድ በአንድ ሚና በሁለቱም ዘርፍ ዕጩ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልሆነም፤ ደንቡ ስለተለወጠም ከዚያ በኋላ አልተደገመም። በመጋቢት 1945 የደጋፊ ተዋናይነቱን ወሰደ፤ መሪው ለክሮዝቢ ሆነ። ለጦርነቱ ብረት በመቆጠቡ የዚያ ጊዜ ሐውልቶች ከጄሶ የተሠሩ ነበሩ፤ ጎልፍ ወዳዱ ፊትዝጀራልድ ቤቱ ውስጥ ዱላውን ሲለማመድ የሐውልቱን ጭንቅላት በጠሰው።

ያ ዓመት ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። በመጋቢት 1944 በሚነዳው መኪና ተገጭታ አንዲት ሴት ሞታ፣ ሴት ልጇም ቆስላ ነበር። ክስ ተመሥርቶበት በጥር 1945 ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው። ሽልማቱን ሲቀበል ከዚያ ፍርድ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነበር ያለፈው።

ከሽልማቱ በኋላ ሆሊውድ ከእሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ተወዳጅ፣ ቀልደኛ፣ ልበ ቀና አየርላንዳዊ ሽማግሌ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፤ እሱም በደንብ ሠራው። ግን የቦይልን ጨካኝ ጎን፣ ቤተሰቡ ሲፈርስ የሚፎክረውን ሰው የሚያውቅ ተዋናይ ከዚያ የሰፋ ሚና ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ምስክሬ በ1948 የወጣው የጁልስ ዳሲን «ዘ ኔክድ ሲቲ» ነው። ፊልሙ የተነሣው በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ነው፤ ፊትዝጀራልድ የግድያ መርማሪው ሙልዱን ነው። ቀልዱ አለ፤ ከሥሩ ግን ውሸታም ሲያናግር ዓይኑን የማይነቅል፣ የሰው ክፋት የማይገርመው ሰው ተቀምጧል። ምናልባትም ይህን ሰው የድሮው የቢሮ ጠረጴዛ አስተምሮት ይሆናል።

በ1951 ፎርድ «ዘ ኳየት ማን»ን ለማንሣት ወንድማማቾቹን ይዞ ወደ አየርላንድ ተመለሰ። ሥፍራው በሜዮ አውራጃ ኮንግ የምትባል መንደር ናት። ባሪ የጋብቻ አማላጁ ሚካሊን ነው፤ ፈረሱ ሳይታዘዝ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። አርተር የፕሮቴስታንት ቄስ ሆነ። በዚያው በጋ፣ በሐምሌ ወር፣ ደብሊን ውስጥ አቢ ቴአትር ተቃጠለ። በዚያ ምሽት የታየው ተውኔት «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» ነበር። አዲሱ ሕንፃ የተከፈተው በ1966 ነው፤ ባሪ አላየውም።

ባሪ ፊትዝጀራልድ በመጨረሻ ደብሊን ገብቶ ጥር 4 ቀን 1961 ሞተ፤ የተቀበረውም ዲንስግሬንጅ መቃብር ነው። አርተር በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈና አስከሬኑ ወደዚያው መቃብር ተመለሰ።

ይህን ተዋናይ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከተሸለመበት ፊልም ሳይሆን ከ1936ቱ «ዘ ፕላው» እንዲጀምር ነው። ስቱዲዮው ከፎርድ እጅ ከወጣ በኋላ የነካካው፣ ጉድለቱ ብዙ የሆነ ፊልም ነው። ነገር ግን ፊትዝጀራልድ አቢ ላይ የፈጠረውን ሰው ይዞ የቀረበበት ነውና ለዚያ መድረክ ከዚህ የቀረበ ሰነድ የለንም። ፍሉተር ሲናገር ሳይሆን ሌላው ሲናገር እሱን እዩት።